ብራውዘር በሌለበት የብራውዘርን ማከማቻ አስመስሎ መፈተን፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የሸቀጥ አከፋፋይ የርክክብ መመዝገቢያ ገጽ ሠርተዋል። ሾፌሮቹ ከመጋዘን ጭነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ላሉ ሱቆች ሲያስረክቡ እያንዳንዱን ርክክብ በስልካቸው ብራውዘር ላይ ይመዘግባሉ፤ ኔትዎርክ ከሌለ መዝገቡ ሎካል ስቶሬጅ (ብራውዘሩ ስልኩ ላይ የሚይዘው ማከማቻ) ውስጥ ይቆይና ግንኙነቱ ሲመለስ ወደ ሰርቨር ይላካል። ለዚህ ኮድ የጻፉትን ዩኒት ቴስት (የኮዱን ክፍሎች ለየብቻ የሚፈትን ኮድ)፣ ጃቫስክሪፕትን ያለ ብራውዘር በሚያስኬደው በኖድ ላይ፣ ጄስት በተባለው የቴስት መሣሪያ ሲያስኬዱት ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ነገር እንደማይታወቅ የሚገልጽ ኤረር ወጣባቸው። ስለዚህ ማስቀመጫና ማውጫ ፈንክሽን ብቻ ያለው ትንሽ ኦብጀክት ሠርተው በዚያው ስም ግሎባል ላይ፣ ማለትም ኮዱ ሁሉ በሚያየው የጋራ ቦታ፣ አስቀመጡት፤ ቴስቱም በሙሉ አለፈ። ገጹ ግን አዲስ ስልክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ይቀራል። «ቴስቱ ካለፈ ስልኩ ላይ ለምን ይወድቃል? ማከማቻውንስ በትክክል ማስመሰል የሚቻለው እንዴት ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

የመጀመሪያው ኤረር ምክንያት ቀላል ነው። ሎካል ስቶሬጅ የጃቫስክሪፕት ቋንቋ አካል አይደለም፤ ብራውዘሩ ለገጹ የሚያቀርበው አገልግሎት ነው። ኖድ ቋንቋውን ያስኬዳል እንጂ ገጽም፣ መስኮትም፣ የድረ ገጽ አድራሻም የለውም። ጄስት ከ27ኛው እትሙ በፊት ጄኤስዶም የተባለውን የብራውዘር ምስያ በራሱ ይጭን ስለነበር ብዙ የቆዩ ማብራሪያዎች ይህን ችግር አያነሡትም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከ27ኛው እትም ጀምሮ ግን ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ቴስቱ የሚሄደው በንጹሕ ኖድ ላይ ነው፤ ከ28ኛው ወዲህ ደግሞ ጄኤስዶም ለብቻው ካልተጫነ የለም። እርስዎም የገጠመዎት ይኸው ነው።

ነጩ ገጽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ወስደን ልናየው የሚገባውም እሱ ነው። ከላኩት ኮድ እንደሚታየው ገጹ ሲከፈት «ያልተላኩ» በሚል ቁልፍ የተቀመጠውን ይጠይቃል፤ የመጣው መልስ አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው) ከሆነ ባዶ ዝርዝር ይጀምራል፣ ካልሆነ ግን በጄሰን ፓርስ (ጽሑፍን ወደ ዳታ በሚመልሰው ፈንክሽን) ፈትቶ ዝርዝሩ ስንት መዝገብ እንዳለው ይቆጥራል። የሠሩት ምትክ ተራ ኦብጀክት ስለሆነ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ አንዲፋይንድ ይመልሳል፤ ቴስቱ ውስጥም ባዶ ዝርዝር ይጀመርና ሁሉም ነገር ይሠራል። እውነተኛው ብራውዘር ለሌለ ቁልፍ የሚመልሰው ግን ነል (ሆን ተብሎ ባዶ የተደረገ ዋጋ) ነው። ነል በሦስቱ የእኩልታ ምልክቶች ሲነጻጸር ከአንዲፋይንድ ጋር እኩል ስላልሆነ ኮዱ ወደ ሁለተኛው መንገድ ይሄዳል። ጄሰን ፓርስም ነልን ሲቀበል መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ ከዚያም ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ፣ አንድም ኤረር ሳያወጣ፣ መልሶ ነል ይሰጣል። ኤረሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ፣ የነልን ርዝመት ለመቁጠር ሲሞከር ነው፤ ገጹ ገና ምንም ስላልሣለ ሾፌሩ የሚያየው ነጭ ማያ ብቻ ይሆናል። ቀደም ሲል መዝገብ የተቀመጠበት ስልክ ላይ ቁልፉ ስላለ ችግሩ አይታይም፤ በእርስዎ ስልክ የሠራው በአዲሱ ሾፌር ስልክ የወደቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮዱን ብቻ ነልን እንዲጠብቅ አድርገው ምትኩን እንዳለ ቢተዉት ቴስቱ በተራው ይወድቃል፤ ምክንያቱም ምትኩ አሁንም አንዲፋይንድ ይመልሳል፣ ጄሰን ፓርስ ደግሞ አንዲፋይንድ ሲሰጠው እንደ ነል ዝም ብሎ አያልፍም፣ የሰዋስው ኤረር ያወጣል። በዚህ ጊዜ ቴስቱን ለማሳለፍ ሲባል ኮዱን መልሶ ማበላሸት ቀላል ፈተና አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲሸነፍበት አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚስተካከለው ምትኩ ነው።

ምትክ ማከማቻ ሲሠራ የሚጠየቀው ጥያቄ «ኮዴ እንዲያልፍ ምን ያህል ይበቃል?» የሚል መሆን የለበትም። «ብራውዘሩ በዚህ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው መሆን ያለበት፤ በተለይም ብራውዘሩ በማይመቸን መንገድ የሚያደርገውን። ከእውነተኛው ይልቅ ለጸሐፊው የሚመች ምትክ፣ ሊይዝልን የሚገባውን ስሕተት ሁሉ ይደብቅልናል።

ይህን አጥብቄ የምለው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። ደሴ ውስጥ ለአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ገጽ ስሠራ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ተከፍሏል» የሚል ምልክት ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ በቀጥታ አስቀምጥ ነበር፤ ያልተከፈለ ከሆነ ፎልስ (ሐሰት) ብዬ። የቴስቱ ምትክ የሰጡትን ነገር እንዳለ የሚይዝ ኦብጀክት ስለነበር ፎልስ ሆኖ የገባው ፎልስ ሆኖ ይወጣል። እውነተኛው ማከማቻ ግን ከጽሑፍ በስተቀር ምንም አያስቀምጥም፤ ፎልስ የሚባለው ዋጋ አምስት የላቲን ፊደል ወዳለው ቃል ይለወጣል፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ በኢፍ (ሁኔታን በሚጠይቀው ትእዛዝ) ውስጥ እንደ እውነት ይቆጥራል። ገጹ ሥራ ላይ በዋለበት ሳምንት ያልተከፈለው ዱቤ ሁሉ የተከፈለ ሆኖ ይታይ ነበር። የተደረሰበት ባለሱቁ የወረቀት ደብተራቸውን ገና ስላልተዉ፣ አንድ ምሽት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ስላመሳከሩ ነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ የጠፋው የሰው ገንዘብ ነበር። የእርስዎም መዝገብ «ተልኳል» የሚል ምልክት እንዳለው አይቻለሁ፤ እባክዎ ያንን መስመር ዛሬውኑ ይመልከቱት፤ ፎልስ በቀጥታ የሚቀመጥ ከሆነ ያልተላከ ርክክብ ሁሉ እንደተላከ ይቆጠርና ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ለማየት ግን የሚከብድ ሌላ ልዩነት አለ። ምትኩ ዝርዝሩን ራሱን የሚይዝ ከሆነ፣ ኮዱ ዝርዝሩን ካስቀመጠ በኋላ ሌላ መዝገብ ቢጨምርበት፣ ተመልሶ ሲጠየቅ የተጨመረውም አብሮ ይወጣል፤ ቴስቱ «ተቀምጧል» ይላል። ብራውዘሩ የሚይዘው ግን በዚያች ቅጽበት የተጻፈውን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ኋላ የተጨመረው መዝገብ ስልኩ ሲዘጋ ይጠፋል። ሴትአይተምን (ማስቀመጫውን ፈንክሽን) ከጭማሪው በፊት የጠራ ኮድ ስንት ጊዜ በቴስት አልፎ ሥራ ላይ እንደወደቀ ማሰብ ይቻላል።

ስለዚህ ምትኩ እንዲህ ቢሠራ ይሻላል። አንድ ክላስ ይጻፉ፤ በውስጡ ከውጭ የማይታይ ማፕ (ቁልፍንና ዋጋን አጣምሮ የሚይዝ ዕቃ) ይኑረው። ጌትአይተም (ማውጫው) ቁልፉን ወደ ስትሪንግ፣ ማለትም ወደ ጽሑፍ፣ ይለውጥ፣ ማፑ ውስጥ ካለ ዋጋውን፣ ከሌለ ነልን ይመልስ። ሴትአይተም ቁልፉንም ዋጋውንም በስትሪንግ ፈንክሽን አሳልፎ ያስቀምጥ፤ ከላይ ያነሣኋቸውን ሁለት ችግሮች የምታጋልጠው ይህች አንዲት መስመር ናት። ሪሙቭአይተም (አንድ ቁልፍ የሚያጠፋው) የሌለ ቁልፍ ቢሰጠውም ዝም ብሎ ይለፍ፤ ክሊር ሁሉንም ያጥፋ፤ ሌንግዝ (የመዝገቦቹ ብዛት) በፈንክሽን የሚጠራ ሳይሆን እንደ ንብረት የሚነበብ ጌተር ይሁን፤ ኪ ደግሞ ተራ ቁጥር ተቀብሎ የቁልፉን ስም፣ ቁጥሩ ካለፈ ነልን ይመልስ። ይህ ሁሉ ሠላሳ መስመር አይሞላም። ለውስጡ ማፕ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራ ኦብጀክት ከአባቱ የሚወርሳቸው ስሞች ስላሉት «ኮንስትራክተር» የሚል ቁልፍ ቢጠይቁት ማንም ያላስቀመጠውን ፈንክሽን ያወጣልዎታል፤ ማፕ ግን የሚያውቀው የተሰጠውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይህ ምትክ ወደ ኮዱ በየት ይገባል የሚለው ነው። ግሎባል ላይ ማስቀመጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ኮድዎ ሞጁሉ (የኮዱ ፋይል) ሲጫን ወዲያውኑ ማከማቻውን የሚያነብ ከሆነ ምትኩ ከኢምፖርቱ (ያንን ፋይል ከሚያስገባው መስመር) በፊት መቀመጥ አለበት፣ የኢምፖርት መስመሮች ደግሞ በፋይሉ ውስጥ የትም ቢጻፉ ከሌላው ኮድ ቀድመው ይፈጸማሉ። ስለዚህ ምትኩን ከቴስት ፋይሉ አናት ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጄስት ከቴስቱ በፊት በሚያስኬደው የዝግጅት ፋይል ውስጥ መግባት ይኖርበታል። እኔ የምመርጠው ግን ሌላውን መንገድ ነው፦ መዝገቡን የሚያስተዳድረው ፈንክሽን ማከማቻውን ከውጭ እንደ ግብዓት ይቀበል። ገጹ ሲጀምር እውነተኛው ሎካል ስቶሬጅ ይሰጠዋል፤ ቴስቱ ውስጥ አዲስ ምትክ ይሰጠዋል። የሚለወጠው የፈንክሽኑ አንድ መስመርና የጠሪው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ በምላሹ ግሎባልን መነካካት፣ የኢምፖርት ቅደም ተከተልን መጨነቅና የአንዱ ቴስት መዝገብ ወደ ሌላው መፍሰስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቀራሉ። መፍሰሱን ቸል አይበሉት፤ ጄስት ለእያንዳንዱ ፋይል የተለየ አካባቢ ቢያዘጋጅም፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉ ቴስቶች ግን አንዱን ግሎባል ይጋራሉ፤ ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት በሚሄደው ቢፎርኢች ውስጥ ካልጸዳ ሁለተኛው ቴስት የሚያልፈው የመጀመሪያው በተወው ርዝራዥ ሊሆን ይችላል።

ኮድዎ የገጹን ይዘት ጭምር የሚነካ ከሆነ ለዚያ ክፍል ጄኤስዶምን መጠቀም ተገቢ ነው። ከ11.12 እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ደንቡን በጥንቃቄ የሚከተል ሎካል ስቶሬጅ አለው። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። አንደኛ፣ ለገጹ ትክክለኛ አድራሻ ካልተሰጠው ማከማቻውን ሲጠይቁት የደኅንነት ኤረር ያወጣል፤ ማከማቻ የሚታሠረው ከአድራሻ ጋር ስለሆነ አድራሻ የሌለው ገጽ ማከማቻም የለውም። ሁለተኛ፣ ሴትአይተም ስንት ጊዜ እንደተጠራ ለመከታተል ስፓይኦንን (የጄስትን የጥሪ መከታተያ) ሎካል ስቶሬጅ ላይ በቀጥታ ቢያስቀምጡ አይሠራም፤ በዚያ ኦብጀክት ላይ አዲስ ንብረት መስጠት ማለት አዲስ መዝገብ ማስቀመጥ ነውና። ስፓዩ መቀመጥ ያለበት ስቶሬጅ በተባለው ክላስ ፕሮቶታይፕ (ፈንክሽኖቹ በሚወረሱበት ኦብጀክት) ላይ ነው። ኖድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በ22ኛው እትሙ ማከማቻውን በሙከራ ደረጃ አስገብቷል፣ በ25ኛው እትም ደግሞ ያለ ልዩ ትእዛዝ እንዲገኝ አድርጎታል፤ ሆኖም የሥራ ባልደረባዎ በ20ኛው እትም ላይ ቢሆኑ ያው ቴስት ስለሚወድቅ፣ ለዩኒት ቴስት መሠረት ባያደርጉት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ውድቀቶቹ እንምጣ፤ ምትክ ከእውነተኛው የሚሻልበት አንድ ቦታ ይህ ነው፣ በፈለግነው ሰዓት እንዲወድቅ ልናዘው እንችላለንና። ብራውዘሮች ለአንድ አድራሻ የሚሰጡት ቦታ በአብዛኛው ወደ 5 ሚሊዮን ቁምፊ ገደማ ነው፤ ጄኤስዶምም መነሻ አድርጎ የያዘው 5,000,000ን ነው። ቦታው ሲሞላ ሴትአይተም ኮታው (የተፈቀደው ልክ) ማለፉን የሚገልጽ ኤረር ይወረውራል። የተቀበለውን ሰው ፊርማ ፎቶ አንሥተው እዚያው እንደሚያስቀምጡ ጽፈዋል፤ ምስል በቤዝ 64 ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ በሲሶ ያድጋል፣ ስለዚህ 300 ኪሎባይት የነበረው ፎቶ ወደ 400,000 ቁምፊ ይሆናል፣ 12 ፎቶ ገብቶ 13ኛው ቦታ ያጣል ማለት ነው። ለሾፌር ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ፎቶዎቹን በብራውዘሩ ውስጥ ወዳለው ሌላ ሰፋ ያለ ማከማቻ፣ ወደ ኢንዴክስድ ዲቢ፣ ቢያዛውሩ ይሻላል፤ መዝገቡ ግን ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ቢቆይም ችግር የለውም። በማንኛውም መንገድ፣ ሴትአይተሙ ሁልጊዜ ኤረር የሚወረውር ሁለተኛ ምትክ ሠርተው፣ ኮዱ በዚያን ጊዜ ለሾፌሩ «አልተቀመጠም» ብሎ መንገሩን የሚያረጋግጥ ቴስት ይጻፉ። ዝም ብሎ የሚያልፍ ኮድ ሾፌሩን ርክክቡ ተመዝግቧል ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ የሚመጣው በመሙላት ብቻ አይደለም፤ የቆዩ የሳፋሪ እትሞች በግል መስኮት ውስጥ ገና ባዶ ሳለ ይህንኑ ኤረር ይወረውሩ ነበር፣ ተጠቃሚው የድረ ገጽ መረጃ እንዳይቀመጥ ከከለከለ ደግሞ ሎካል ስቶሬጅ የሚለውን ስም መጥራት ብቻውን ኤረር ሊያወጣ ይችላል። ማከማቻውን የሚያመጣው መስመር ራሱ በትራይ (ኤረር ቢወጣ በሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ ይግባ።

የቦታውን ልክ ሲያሰሉ ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። የጃቫስክሪፕት ሌንግዝ የሚቆጥረው በዩቲኤፍ-16 አሃድ ስለሆነ «ሀ» አንድ ናት፤ ያው ፊደል በዩቲኤፍ-8 ወደ ሰርቨር ሲላክ ግን 3 ባይት ይወስዳል። ምትክዎ ኮታን በባይት የሚቆጥር ከሆነ የአማርኛው መዝገብ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ይሞላል፣ ቴስቱም በሐሰት ይወድቃል።

ስለ ፊደል ካነሣን፣ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር ገጾች የሚያስፈልገውን ልጨምር። እርስዎ የሱቁን ስም ቁልፍ አድርገዋል። አንዱ ሾፌር «ሰላም ሱቅ»፣ ሌላው «ሠላም ሱቅ» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማከማቻው ግን ሁለት የማይገናኙ ቁልፎች ናቸው። «እቃ» እና «ዕቃ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» እንዲሁ። በዩኒኮድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ኖርማላይዝ የሚባለው ፈንክሽንም አያዋሕዳቸውም። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የቴስት ምሳሌ ይህን በፍጹም አያነሣውም፤ በቴስትዎ ውስጥ ግን ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን አስገብተው ውጤቱን ይመልከቱ። የእኔ ምክር ስሙ ለሰው ዓይን ብቻ እንዲቆይና ቁልፉ የደንበኛው መለያ ቁጥር እንዲሆን ነው።

የተላኩትን የሚያጠፋው ዙርዎም (ሉፕዎም) ስሕተት አለበት። ከዜሮ ጀምሮ በኪ እየጠየቀ፣ የተላከውን እዚያው ያጠፋል፤ አንድ ሲጠፋ የቀሩት ወደፊት ስለሚሸጋሸጉ ቀጣዩ ሳይታይ ይታለፋል። ቀድሞ ቁልፎቹን ሁሉ ሰብስቦ በኋላ ማጥፋት ይበቃል። ሌንግዝና ኪ ያልነበሩት የቀድሞው ምትክዎ ይህን ዙር ሊፈትን አይችልም ነበር፤ አዲሱ ግን ሁለት የተላኩ መዝገቦችን አከታትለው ቢያስገቡ ወዲያው ያሳይዎታል።

በምትክ ሊፈተን የማይገባው አንድ ክፍል ይቀራል፤ እሱም ገጹ በሁለት ታብ ሲከፈት የሚሆነው ነው። የስቶሬጅ ኢቨንት (ማከማቻው መለወጡን የሚያሳውቅ መልእክት) የሚደርሰው ለውጡን ላደረገው ታብ ሳይሆን ለሌሎቹ ነው፤ ኢቨንቱን የሚቀበለውን ፈንክሽን ብቻ ከሆነ የሚፈትኑት፣ በጄኤስዶም ውስጥ ስቶሬጅ ኢቨንት በእጅ ፈጥረው መላክ ይበቃል፤ የሁለቱን ታብ ግንኙነት ግን እንደ ፕሌይራይት ባለ ብራውዘርን በኮድ በሚያንቀሳቅስ መሣሪያ፣ በአንድ ኮንቴክስት (ማከማቻን በሚጋራ የብራውዘር ክፍል) ውስጥ ሁለት ገጽ ከፍተው፣ በእውነተኛ ብራውዘር ይፈትኑት። ያን ሲያደርጉ የሚያዩት ይመስለኛል፦ ሁለቱም ታቦች «ያልተላኩ» የሚለውን ዝርዝር አንብበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ መዝገብ ጨምረው መልሰው ሲጽፉ፣ ኋላ የጻፈው የቀደመውን ይደመስሰዋል። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ከመያዝ ይልቅ ለእያንዳንዱ ርክክብ የራሱን ቁልፍ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ «ርክክብ» የሚል መነሻ ተጽፎ ቀጥሎ የደረሰኙ ቁጥር፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ታብ የሌላውን መዝገብ የሚነካበት ምክንያት አይኖርም።